የትውልድ አገርን በጥያቄ መፈተን፦ የጥቃቅን ዕውቀት የማስረጃ ክብደትና ወሰኑ

መግቢያ

ከሩቅ የመጣን እንግዳ «አገርህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። እንግዳው «ጎጃም» ብሎ ቢመልስ ጥያቄው በዚያ አያበቃም። ጎጃም የት? ደብሩ ማን ይባላል? ገበያው በምን ቀን ይውላል? የማን ልጅ ነህ? እየተባለ ይቀጥላል። ጠያቂው አካባቢውን የሚያውቅ ከሆነ የእንግዳውን መልስ ከራሱ ዕውቀት ጋር ያመሳክራል፤ ተዛምዶም ያገኝ ይሆናል። እንግዳው ባይመልስ የሚደርስበት ጉዳት ቢበዛ መታማት ነው።

ይኸው ጥያቄ ጠያቂው የመንግሥት መርማሪ፣ ተጠያቂው ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂ ሲሆን ሌላ መልክ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንድን ሰው ስደተኛ የሚያሰኘው፣ ከዜግነት አገሩ ወይም ዜግነት ከሌለው ከመደበኛ መኖሪያው አገር ውጭ ሆኖ በዚያ አገር ስደት ይደርስብኛል የሚል በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት ሲኖረው ነው። ስለዚህ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የፍርሃቱ መነሻ ሊመረመር አይችልም። ብዙ ስደተኞች ግን ፓስፖርትም ሆነ መታወቂያ ሳይዙ ይወጣሉ። ሰነድ በሌለበት ጊዜ መርማሪው ወደ ዕውቀት ፈተና ያዘነብላል፤ የአገርህ ሰንደቅ ዓላማ ምን ይመስላል? በገንዘቡ ላይ ምን ሥዕል አለ? በከተማህ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ማን ይባላል? የሚሉትን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ስለ ትውልድ አገሩ የሚቀርቡለትን ጥቃቅን ጥያቄዎች መመለሱ ወይም አለመመለሱ የመጣበትን አገር ምን ያህል ያስረዳል? የጽሑፉ መከራከሪያ፣ እንዲህ ያለው መልስ በቀጥታ የሚያሳየው ዜግነትን ሳይሆን ተጠያቂው ያለፈበትን የሕይወት መንገድ ነው፤ በተጨማሪም ጠያቂው በእጁ የያዘውን የመልስ ዝርዝር ትክክለኛነት አብሮ ይፈትናል የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ የተሳሳተ መልስ የምርመራ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ሊሆን አይገባውም። ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ሥራዎችና ሰነዶች ንባብ ላይ ነው፤ የመስክ ጥናት አይደለም።

ሁለት የታሪክ ምሳሌዎች

የዚህ ዓይነቱ ፈተና እጅግ ጥንታዊ ምሳሌ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ይገኛል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚሸሹትን የኤፍሬም ሰዎች ለመለየት «ሺቦሌት» የሚለውን ቃል እንዲናገሩ ያዟቸው ነበር፤ «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ይገደላል። መጽሐፉ የሟቾቹን ቁጥር 42,000 ያደርሰዋል። ፈተናው የተመሠረተው ሰው በቀላሉ ሊደብቀው በማይችለው የአንደበት ልማድ ላይ ነበር። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የወገንን ማንነት መለያ ቃል «ሺቦሌት» ተብሎ የሚጠራው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 የጀርመን ጦር በቤልጅየምና በሉክሰምበርግ በአርዴን ደን በኩል ድንገተኛ ማጥቃት ሲከፍት፣ በኦቶ ስኮርዘኒ የሚመሩ ጥቂት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወታደሮች የአሜሪካንን የደንብ ልብስ ለብሰው ከአሜሪካ ጦር መስመር ኋላ ሰርገው ገቡ። ቁጥራቸው አነስተኛ ቢሆንም ያስከተሉት ጥርጣሬ ሰፊ ነበር። የአሜሪካ ወታደራዊ ፖሊሶች በየመንገዱ መገናኛ እየቆሙ አላፊውን ሁሉ «እውነተኛ አሜሪካዊ» ብቻ ያውቃቸዋል ያሏቸውን ጥያቄዎች መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄዎቹ የግዛት ዋና ከተማዎችን፣ ስፖርትንና የፊልም ተዋንያንን የሚመለከቱ ነበሩ።

የ12ኛው የጦር ቡድን አዛዥ ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተሙት የጦር ሜዳ ትዝታቸው ሦስት ጊዜ እንደተፈተኑ ጽፈዋል። በመጀመሪያ የኢሊኖይ ዋና ከተማ ማን እንደሆነች ተጠይቀው ስፕሪንግፊልድ አሉ፤ ጠያቂው ወታደር ግን ቺካጎ ናት ብሎ ሞገታቸው። ትክክለኛዋ ስፕሪንግፊልድ ነበረች፤ ከ1839 ጀምሮም የግዛቲቱ መቀመጫ ነች። ሁለተኛው ጥያቄ በአሜሪካ እግር ኳስ የአንድ ተጫዋች ቦታ የት እንደሆነ ነበር፤ መለሱት። ሦስተኛው የተዋናይቷ የቤቲ ግሬብል ባል ማን እንደሆነ ሲሆን፣ ይህን አላወቁትም። ቢሆንም ጠያቂው ጄኔራሉን በማሸነፉ ደስ ብሎት አሳለፋቸው።

ከዚህ አጭር ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተሳስቶ የተገኘው ፈታኙ ነው፤ የሚያውቀውን ትልቁን ከተማ ከመንግሥት መቀመጫው ጋር አምታትቶታል። ሁለተኛ፣ ብራድሌይ የተወለዱት በሚዙሪ ነው፤ የተጠየቁት ግን ስለ ጎረቤት ግዛት ነበር። ለጠያቂው «አገር» ማለት አንድ ወጥ የዕውቀት ጎተራ ሆኖ ታይቶታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጄኔራሉ አንዱን ጥያቄ በጠያቂው ዓይን ተሳስተው፣ ሌላውን በእርግጥ ሳይመልሱ አልፈዋል። ያሳለፋቸው መልሳቸው ሳይሆን ማዕረጋቸው፣ አነጋገራቸውና አብሯቸው ያለው አጀብ ነው። በዚያው ሰሞን በሳን ቪት አካባቢ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ብሩስ ክላርክ ግን አንድን የቤዝቦል ቡድን በሌላ ሊግ ውስጥ በመመደባቸው ተጠርጥረው ለጊዜው እንደተያዙ ይተረካል። ጄኔራል እንኳ በስፖርት ጥያቄ ከተያዘ፣ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሆነ፣ ማዕረግም አጀብም የሌለው ሰው ለአንድ የተሳሳተ መልስ የሚከፍለውን ዋጋ መገመት አያስቸግርም።

የፈተናው አመክንዮ

የዕውቀት ፈተና ዋጋ ቢስ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። መንግሥታት ሐሰተኛ ማመልከቻን ከእውነተኛው የመለየት ኃላፊነት አለባቸው፤ ይህም የእውነተኛውን ስደተኛ መብት ጭምር ይጠብቃል። በአንድ ከተማ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ የሚል ሰው ስለ ከተማይቱ አንዳች መናገር ካልቻለ ጥርጣሬ መነሣቱ ምክንያታዊ ነው። መጠየቅ ያለበት የመልሱ ክብደት ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

የአንድ ማስረጃ ክብደት የሚለካው በንጽጽር ነው። መልሱ በእውነተኛው የአገሩ ሰው ዘንድ የመገኘት ዕድሉ፣ በአስመሳዩ ዘንድ ከመገኘት ዕድሉ ምን ያህል ይበልጣል? ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚከተለውን የታሰበ ስሌት እንውሰድ። አንድን ጥያቄ ከ100 እውነተኛ የአገሩ ሰዎች 90 ይመልሱታል፤ አጥንተው ከመጡ 100 አስመሳዮች ደግሞ 80 ይመልሱታል እንበል። ትክክለኛ መልስ በዚህ ሁኔታ የሚያስረዳው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው ያውቁታልና። የተሳሳተ መልስ ግን በአስመሳዮቹ ዘንድ እጥፍ ሆኖ ስለሚገኝ ጠንካራ ማስረጃ ይመስላል።

አሁን ከ100 አመልካቾች 90ዎቹ እውነተኞች፣ 10ሩ አስመሳዮች ናቸው ብለን እንቀጥል። ከ90ዎቹ እውነተኞች 9 ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ከ10ሩ አስመሳዮች 2 ይሳሳታሉ። በጠቅላላው ከተሳሳቱት 11 ሰዎች 9ኙ እውነቱን የተናገሩ ናቸው። የተሳሳተውን ሁሉ የሚያባርር መርማሪ ሁለት አስመሳዮችን ለመያዝ ዘጠኝ እውነተኞችን ይመልሳል፤ ስምንት አስመሳዮችም በትክክለኛ መልስ ያልፋሉ። ቁጥሮቹ ሲለወጡ ውጤቱም ይለወጣል፤ ነገር ግን እውነተኞቹ በሚበዙበት ቦታ ሁሉ ተመሳሳይ አደጋ አለ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «አንድ ጥያቄ ብቻ አንጠይቅም፤ ሃያ እንጠይቃለን» የሚል ነው። የጥያቄው መብዛት የሚጠቅመው ግን ስሕተቶቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ሲሆኑ ነው። ያልተማረ ሰው የአስተዳደር እርከኖችን ስም፣ የወንዞችን ርዝመትና የሹማምንትን ዝርዝር በአንድነት አያውቅም። የአንዱ ጥያቄ አለመመለስና የሌላው አለመመለስ ምንጫቸው አንድ በመሆኑ፣ ሃያ ጥያቄዎቹ ያለመማሩን ሃያ ጊዜ ከመቁጠር ያለፈ ነገር አይጨምሩም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታከላል። ሐሰተኛ ማንነት ይዞ የሚመጣ ሰው ለፈተናው ይዘጋጃል፤ ዋና ከተማውን፣ ሰንደቅ ዓላማውንና የበዓላቱን ቀን ይሸመድዳል። እውነተኛው ሰው ግን ራሱን ስለመሆን አያጠናም። እንዲህ ሲሆን በቃል የሚያዙ ጥያቄዎች ትጉህ አስመሳዩን የሚጠቅሙ፣ ያልተዘጋጀውን እውነተኛ ሰው የሚጎዱ ይሆናሉ።

ዕውቀት የሚመጣው ከኑሮ ነው

«ማንም የአገሩ ሰው ይህን ያውቃል» የሚለው ግምት በሥነ ልቦና ጥናት ሲፈተን ብዙ ጊዜ አይጸናም። ሬይመንድ ኒከርሰንና ማሪሊን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ አሜሪካውያን ተሳታፊዎች በየቀኑ የሚይዙትን የአንድ ሳንቲም ገጽታ ከትዝታቸው እንዲሥሉ ጠየቋቸው። ከ20 ሰዎች መካከል ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች ሁሉ በትክክል ያስታወሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳንቲም የመሰብሰብ ልማድ የነበረው ነው። ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ለመጠቀም የሚበቃውን ያህል እንጂ በዝርዝር አይመዘግበውም። የገንዘብ ኖት ሥዕል የትውልድ አገር መፈተኛ ሲሆን ይህን ግኝት ማስታወስ ያሻል። ካናዳዊቷ የሕግ ምሁር ሂላሪ ኢቫንስ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ የስደተኝነት ውሳኔዎች ከሰው የማስታወስ ችሎታ በላይ እንደሚጠብቁ ያሳዩት እንዲህ ያሉ ጥናቶችን መሠረት በማድረግ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄን ሄርሊሂና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በእንግሊዝ የነበሩ የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞች ስለ ራሳቸው ሕይወት ሁለት ጊዜ ተጠየቁ። ተሳታፊዎቹ ቀድሞውኑ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ስለነበሩ ለመዋሸት የሚያነሣሣ ምክንያት አልነበራቸውም። ቢሆንም በሁለቱ ቃለ መጠይቆች መካከል ልዩነት መገኘቱ የተለመደ ነበር፤ ልዩነቱም ከዋናው ጉዳይ ይልቅ በዳር ባሉ ዝርዝሮች ላይ ይበዛ ነበር። የትውልድ አገር ፈተና የሚያተኩረው በእነዚሁ በዳር ባሉ ዝርዝሮች ላይ ነው።

ከትዝታ ባሻገር የዕውቀት ክፍፍል ጉዳይ አለ። ስለ አንድ አገር የሚታወቀው ነገር ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ በትምህርት፣ በፆታ፣ በዕድሜ፣ በሥራና በመኖሪያ ይከፋፈላል። ከቀዬዋ ርቃ የማታውቅ የገጠር እናት የዞኗን ስም ላትናገር ትችላለች። ነገር ግን ውኃ የምትቀዳበት ምንጭ በበጋ መቼ እንደሚደርቅ፣ ገበያ የሚውልበትን ቀን፣ የደብሩ ታቦት የሚነግሥበትን ዕለት፣ ወፍጮ ቤቱ ከማን ቤት ቀጥሎ እንደሆነ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በመሆኑም አስመሳይ ሊሸመድደው አይችልም። በመርማሪው የመልስ ዝርዝር ውስጥ ግን አይገኝም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ አውሮፓ የጥገኝነት ሥርዓቶች ባወጣው የተአማኒነት ጥናት፣ የአመልካቹ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ትምህርትና የኑሮ ዳራ ከመልሱ ጋር አብሮ መታየት እንዳለበት አበክሮ የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

«ትክክለኛው መልስ» ሲለዋወጥ

የዕውቀት ፈተና አንድ ቋሚ የሆነ ትክክለኛ መልስ አለ ብሎ ይነሣል። ኢትዮጵያን ምሳሌ አድርገን «አገርህ ስንት ክልሎች አሏት?» የሚለውን ቀላል የሚመስል ጥያቄ እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 9 ክልሎችን አቋቋመ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ አሥረኛ ክልል ሆነ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቁጥሩ 11 ደረሰ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀሪ ክፍል የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተብሎ ሲከፈል ደግሞ 12 ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ከአገር የወጣ ሰው «ዘጠኝ»፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣ «አሥር» ቢል ሁለቱም የሚያውቁትን ተናግረዋል። አዲስ አበባንና ድሬዳዋን አብሮ የሚቆጥር ሰው ዛሬ «አሥራ አራት» ሊል ይችላል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ ያደገ አዛውንትም 14 ጠቅላይ ግዛቶችን አስቦ ያንኑ ቁጥር ሊጠራ ይችላል። አንድ ቁጥር በሁለት የተለያየ ምክንያት መባሉ መርማሪው ቁጥሩን ብቻ መዝግቦ ምንም እንዳልተረዳ ያሳያል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተብለው መጠራታቸው የታወቀ ነው፤ ሰው ግን በለመደው ስም መጥራቱን ይቀጥላል። የመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀሩ ይለዋወጣሉ። የራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ለረጅም ዘመን 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል፤ በኋላ የወጡ ጽሑፎች ግን 4,550 ወይም 4,533 ይላሉ። የቀድሞውን ቁጥር በሚገባ ያጠና ተማሪ በአዲሱ ዝርዝር ሲመዘን ተሳሳተ ይባላል።

የዘመን አቆጣጠርና የሰዓት ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ሲባልም በሌላው አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ነው። አስተርጓሚው አንዳንዴ ለውጦ፣ አንዳንዴ ሳይለውጥ ቢያስተላልፍ ተናጋሪው እርስ በርሱ የተጋጨ ቃል የሰጠ ይመስላል። «ክፍለ ሀገር»፣ «ክልል»፣ «ዞን» እና «ወረዳ» የሚሉት ቃላትም በትርጉም ጊዜ በአንድ የባዕድ ቃል ሊጠቀለሉ ይችላሉ። በእነዚህ ሁሉ የተፈተነው የተጠያቂው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የመርማሪው ዝርዝርና የአስተርጓሚው ጥንቃቄ ጭምር ነው፤ የመውደቁን ዋጋ የሚከፍለው ግን ተጠያቂው ብቻ ነው።

ዕውቀትና ዜግነት ሲለያዩ

እስካሁን የታየው ችግር በተሻለ ዝርዝርና በተሻለ ትርጉም ሊቃለል ይችላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሌላው ችግር ግን በዚህ አይፈታም። አንድ ሰው የአንድ አገር ዜጋ ሆኖ ያደገው በሌላ አገር ሊሆን ይችላል።

ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን አንባቢዎች «አምቼ» የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ስሙ የተወሰደው ከውጭ የሚመጡ የተሽከርካሪ ክፍሎችን በኢትዮጵያ ይገጣጥም ከነበረው ፋብሪካ ሲሆን፣ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልደው በኢትዮጵያ ያደጉትን ለመጥራት በቀልድ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት ዘመን በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጅ የተባሉ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረዋል። ከእነዚህ መካከል አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ፣ አስመራን አይተው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሰው ስለ አስመራ መንገዶች መጠየቅ የሚያሳየው በዚያ አለማደጉን ነው፤ ይህን ደግሞ እርሱ ራሱ አልካደም። በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች የተወለዱ የኤርትራውያን ልጆችም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ናቸው።

ቤልጅየማዊው የሥነ ልሳን ምሁር ያን ብሎማርት እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በአንድ ወጣት ታሪክ ያብራራል። ወጣቱ ከሩዋንዳ መጣሁ ቢልም የእንግሊዝ ባለሥልጣናት የሚናገራቸው ቋንቋዎች ከአንድ ሩዋንዳዊ ከሚጠበቁት ጋር አይገጥሙም በማለት ማመልከቻውን አልተቀበሉም። ብሎማርት ያሳዩት፣ የወጣቱ የቋንቋ ዕውቀት ከካርታው ጋር ባይገጥምም ጦርነት ካበጣጠሰው የሕይወት ጉዞው ጋር የሚገጥም መሆኑን ነው። ስደት የገፋውን ሰው ስደት እንዳልነካው ሰው እንዲናገር መጠበቅ ራሱን የሚያፈርስ መመዘኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ የሥነ ልሳን ምሁራን ቋንቋን ለትውልድ አገር መለያነት ስለመጠቀም ያወጡት መመሪያ ለዕውቀት ፈተናም ይሠራል። መመሪያው የቋንቋ ትንተና ሊያመለክት የሚችለው ሰውየው ከየትኛው ማኅበረሰብ ጋር እንዳደገ እንጂ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነ አይደለም ይላል። ድንበር ደግሞ ማኅበረሰብን ሁልጊዜ አይከተልም። ኑዌሮች በጋምቤላም በደቡብ ሱዳንም፣ አፋሮች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ይኖራሉ። ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ዘመዳሞች አንድ ገበያ ሊውሉ፣ የአንድ ወንዝ ውኃ ሊጠጡ ይችላሉ። ይህ ነጥብ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ ይመለከታታል። ዜጎቿ በሌሎች አገሮች ይጠየቃሉ፤ እርሷም በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ስደተኞችን የምትቀበልና የምትመረምር አገር ናት።

የተሻለ አጠያየቅ

ከላይ የተነገረው ሁሉ መጠየቅን አያስቀርም፤ አጠያየቅን ግን ይለውጣል። አንደኛ፣ ምርመራው ከዝርዝር ጥያቄ በፊት በነጻ ትረካ ቢጀምር ይበጃል። «ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤትህ ስትሄድ የምታልፍበትን ንገረኝ» የሚል ጥያቄ ተጠያቂው በእርግጥ የሚያውቀውን ያወጣል። ቀጥሎ የሚነሡት ጥያቄዎችም ከራሱ ቃል ስለሚፈልቁ አስቀድሞ ሊሸመደዱ አይችሉም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከተጠያቂው የሕይወት መንገድ ጋር መመዘን አለበት። መርማሪው «ይህን የአገሩ ሰው ያውቀዋል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ትምህርት፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል ተብሎ ይጠበቃል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የመልስ ዝርዝሩ ምንጭና ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ክልሎች ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ ቀን የሌለው መልስ ትክክለኛ መልስ አይደለም።

አራተኛ፣ መልሱ ከዝርዝሩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ልዩነቱ ከውሳኔ በፊት ለተጠያቂው ተነግሮ እንዲያስረዳ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ብራድሌይ ስፕሪንግፊልድ ናት ብለው ሊከራከሩ የቻሉት ጠያቂው ቺካጎ ማለቱን ፊት ለፊት ስለሰሙ ነው። ከወራት በኋላ በጽሑፍ በሚደርስ ውሳኔ ላይ ብቻ ቢያነቡት ኖሮ ያንን ማድረግ አይችሉም ነበር። ይህ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የአሠራር መመሪያ አንቀጽ 196 ካሰፈረው መርህ ጋር ይስማማል። በዚያ መሠረት የማስረዳት ሸክም በመርህ ደረጃ የአመልካቹ ቢሆንም፣ አግባብነት ያላቸውን ፍሬ ነገሮች የማጣራትና የመመዘን ግዴታ የአመልካቹና የመርማሪው የጋራ ነው።

ይህ አካሄድ የራሱ ድክመት እንዳለው መታወቅ አለበት። ነጻ ትረካ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሊጠቅም፣ በጉዳት ወይም በኀፍረት ዝም ያለውን ሊጎዳ ይችላል። ጊዜና የሠለጠነ አስተርጓሚም ይጠይቃል። ስለዚህ ትረካውም ቢሆን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ተደምሮ መታየት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

የትውልድ አገር የዕውቀት ፈተና ከጥንት ጀምሮ ያለ፣ ለጠያቂው ቀላልና አሳማኝ የሚመስል መሣሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዳሳየው ግን ትክክለኛ መልስ ጥናትን፣ የተሳሳተ መልስም ያለመማርን፣ የዘመንን ልዩነት፣ የትርጉምን ጉድለት ወይም በሌላ አገር ማደግን ሊያመለክት ይችላል። ፈታኙም እንደ ተፈታኙ ሊሳሳት ይችላል። በጥቃቅን ጥያቄ ላይ ብቻ የተመሠረተ ውሳኔ እነዚህን ሁሉ አስመሳይነት በሚል አንድ ስም ይጠቀልላቸዋል።

ወደፊት ሊጠና የሚገባው አንድ ጉዳይ አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚሰጡት ቃል ውስጥ የቀን፣ የሰዓትና የአስተዳደር እርከን ስሞች በትርጉም ጊዜ እንዴት እንደሚተላለፉ ነው። እነዚህን ቋንቋዎችና የአገሩን ኑሮ የሚያውቁ ተመራማሪዎች ከማንም በተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ። ውጤቱም በዕለት ተዕለት የቃለ መጠይቅ ሥራ ላይ ወዲያው ሊውል የሚችል ነው፤ አንድ አስተርጓሚ «ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብሎ በመጠየቁ ብቻ የሚቃናው የሰው ጉዳይ ጥቂት አይደለምና።